የብስኩት ቆርቆሮው

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ

ሦስት አልበም፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ። ከእማማ አልጋ ሥር ጎትቼ አወጣኋቸውና ሽፋናቸውን በረንዳ ላይ በብሩሽ አራገፍኩ። ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆች ነው፤ አንዴ ልናገረውና ልለፍ።

እማማ የምላቸው ማክሰኞና ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው የ98 ዓመት እንግሊዛዊት ናቸው። የአገሩ ወግ ሆኖ ፊት ለፊት በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን እማማ ናቸው። የተወለዱት ላሆር ነው፣ በ1926። አባታቸው እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን የፑንጃብ የመስኖ ቦይ መሐንዲስ ነበሩ። በ1934 ለትምህርት ብለው ወደ እንግሊዝ ላኳቸው። የዘመኑ ደንብ ነበር፦ ሕንድ የሚኖሩ እንግሊዞች ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው በመርከብ ይልኩታል፤ ከዚያ ወዲያ በየጥቂት ዓመቱ ለእረፍት ሲመጡ ነው የሚያዩት።

"ስካን አድርጊና ማን ማን እንደሆነ ጻፊልን፤ እሳቸው ካለፉ የሚያውቅ የለም" ያለኝ የወንድማቸው ልጅ ነው። እሺ ያልኩት አጎቴ ደሴ ፎቶ ቤት ስለነበረው ነው። ክረምት ክረምት ያጠበውን ፎቶ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ የማሰጣለት እኔ ነበርኩ።

ዕቃዬ፦ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ኤፕሰን ቪ600 ስካነር፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አየር የሚነፋ ጎማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ እርሳስ። እስክሪብቶ ከክፍሉ ወጥቷል፤ ቀለሙ ከጀርባ ዘልቆ ፊት ላይ ይወጣል።

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

የትናንቱ ሥራ ገደል ገባ። ከአልበሞቹ ፎቶ እየመረጥኩ አርባ ያህል ስካን አድርጌ ነበር፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው)፣ ምስሉን አጨናንቆ በሚያስቀምጠው በጄፔግ፣ "ጥቁርና ነጭ" የሚለውን መርጬ። ማታ አንዷን ሴትዮ የደረቷን ጌጥ ለማየት ሳሰፋት አሸዋ ሆነች። ደግሞ ጥቁርና ነጭ የምንለው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ አይደለም። የአሮጌው ወረቀት ቡናማነት፣ የዳሩ ቢጫነት፣ ጥቁሩ ላይ መስታወት የተቀባ የሚመስለው የብሩ ሰማያዊ ጭልጭልታ፣ ይሄ ሁሉ የፎቶው ዕድሜና የበሽታው ምልክት ነው። እኔ በአንድ ቁልፍ አጠፋሁት።

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በቀለም፣ 600 ዲፒአይ፣ ምንም በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ። ከክብሪት ሣጥን ብዙ የማይበልጡትን ትንንሾቹን በ1200። ስማቸውንም "ሲምላ1፣ ሲምላ2" ማለት አቁሜያለሁ፤ አልበም፣ ገጽ፣ ተራ፦ ሁ-14-3 ማለት ሁለተኛው አልበም፣ ገጽ 14፣ ሦስተኛው ፎቶ። ሕንድ ተራራ ላይ ያለችው ከተማ ሲምላ ትሁን አትሁን ገና አላውቅምና።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ጥፋት። ከሦስተኛው አልበም አንድ ፎቶ ለመንቀል በቀጭን የቅቤ ቢላ ሞከርኩና ጥጉ ተቀደደ። የጥፍር ታህል ናት፣ ሰማይ ብቻ ነው የነበረባት፤ ቢሆንም ላብ አሰመጠኝ። ለእማማ ነገርኳቸው። "ምስጡ የበላውን ብታዪ" አሉና ሳቁ። እውነትም የመጀመሪያው አልበም ጀርባ እንደ ወንፊት ነው።

አሁን ሕጉ ግልጽ ነው፦ የተለጠፈ አይነቀልም። መጀመሪያ ሙሉ ገጹ ከነጽሑፉ በካሜራ ይነሣል፣ ቀጥሎ አልበሙ እንዳለ ስካነሩ ላይ ይደፋል። ጥቁሩ ገጽ አሲድ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ፎቶውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ግን ከቢላዬ ይሻላል። ደግሞ የገጹ አቀማመጥ ራሱ ወሬ አለው። የእማማ እናት ማንን ከማን ጎን እንደለጠፉ፣ የቱን ፎቶ አሳንሰው እንደቆረጡ።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ (ከተራ)

አልበም አንድ። የአያታቸው ነው፣ ከ1880ዎቹ እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ። ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉ የስቱዲዮ ፎቶዎች፤ ከጀርባቸው የፎቶ ቤቱ ማኅተም በወርቅ ቀለም። ብዙዎቹ የእንቁላል ነጭ በተቀባ ቀጭን ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው፣ ከካርቶኑ ቢላቀቁ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላሉ። ሦስቱ ላይ "በርን ኤንድ ሼፐርድ፣ ካልካታ" ይላል። ደስ አለኝና "በሳሙኤል በርን የተነሣ" ብዬ ልጽፍ ነበር። ደግነቱ ቀሚሱን አየሁ፦ ትከሻው ላይ እንደ ፊኛ የተነፋ እጅጌ፣ የ1890ዎቹ ፋሽን። በርን ሕንድ የገባው በ1863 ነው፣ 1890ዎቹ ላይ ግን እንግሊዝ ከተመለሰ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የቀረው ስሙ ነው። ፎቶ ቤቱ በዚያ ስም እስከ 2016 ሠርቷል። ማኅተም የድርጅት ነው እንጂ የእጅ አይደለም። አጎቴም ያው ነበር፣ ግማሹን ፎቶ የሚያነሣው ረዳቱ።

በዚያው ዘመን በሕንዶች መካከል ስሙ የገነነው ላላ ዲን ዳያል ነበር፣ የሃይደራባዱ ገዢ የኒዛም ፎቶ አንሺ። ቀና ብለው ወንበር ላይ የተቀመጡት እንግሊዞች የግድ በእንግሊዝ ዓይን ብቻ የታዩ አይደሉም ማለት ነው። ከኛዎቹ ካርቶኖች ላይ ግን የእሱ ማኅተም የለም፤ ተመኘሁ እንጂ።

ቦምቤይ የሚል ማኅተም ሳይ ሐሳቤ ሄደ። የመቅደላው ጦር የተነሣው ከቦምቤይ አይደል? በ1868 ሮበርት ናፒየር ይዞት የመጣው የሕንድ ጦር ነው፣ 44 ዝሆን ጨምሮ። ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዝ እንደገባ ዋይት ደሴት ላይ ፎቶ ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ራሷ በ1815 ካልካታ የተወለደች ናት። የልጁ ጠባቂ ካፒቴን ስፒዲም ሕንድ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ ልጁን ይዞት ሄደ። የሰባት ዓመት ልጅ፣ አንገቱ ላይ ጨሌ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ። ያ ፎቶ እኛ ሁላችን የምናውቀው ነው፤ የዚህ ዓለም ፎቶ መሆኑን ግን ዛሬ ነው ያሰብኩት።

ለከተራ ዘገየሁ። ነጠላዬን በቦርሳ ይዤ ከእማማ ቤት በቀጥታ ሄድኩ።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

አልበም ሁለት፣ የእናትየው፣ ከ1922 እስከ 1934። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ስቱዲዮ ቀረ፤ እናትየው ራሳቸው ታጣፊ ኮዳክ ነበራቸው። ስለዚህ ሰው ይስቃል፣ ፈረስ ይንቀሳቀሳል፣ የአንሺዋ ጥላ ሣሩ ላይ ይወድቃል።

አንድ ገጽ ሙሉ "ላያልፑር" ይላል። ካርታ ላይ ፈለግኩ፣ የለም። እማማ "ሰዓቱ ያለበት ከተማ፣ ስምንት ገበያ" አሉኝ። ፎቶው ላይ እውነትም መሐል አደባባይ የቆመ የሰዓት ማማ አለ። የሳተላይት ካርታ ከፍቼ ፑንጃብን፣ የሕንዱንም የፓኪስታኑንም፣ ከላይ መቃኘት ያዝኩ። ሲገኝ ሳቅኩ፦ ከአንድ ማማ ስምንት መንገድ እንደ ኮከብ ይወጣል፣ በአራት ማዕዘን ታጥሮ፣ ልክ የእንግሊዝ ባንዲራ። ፋይሳላባድ ነው፣ ፓኪስታን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከፑንጃቡ አስተዳዳሪ ከሰር ጄምስ ላያል ነበር፤ በ1977 በሳዑዲው ንጉሥ በፋይሰል ተለወጠ። ምድረ በዳውን ያለማው የታችኛው ቼናብ ቦይ ነው፣ የእማማ አባት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው።

እንግዲህ "የሕንድ አልበም" የምንለው ግማሹ ዛሬ ሕንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፎቶ ሁለት የቦታ መስመር ከፍቻለሁ፣ የያኔውና የዛሬው። መዝገቡም የባሰ ነው፦ የእማማን ጥምቀት ስፈልግ ላሆር የተጠመቁት "ቤንጋል" በሚለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሥር ተገኙ፣ ያውም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። የፑንጃብ ቄሶች ዝርዝራቸውን የሚልኩት በቤንጋል በኩል ስለነበር ነው። ሦስት ቀን ፑንጃብ የሚል መዝገብ ስፈልግ ከረምኩ።

ሁ-22-1፦ "አገልጋዮቻችን"። ቤቱ ፊት የተሰለፉ አሥራ አንድ ሰዎችና ሁለት ውሾች። ከሥር በነጭ ቀለም፦ ቤረር፣ ካንሳማ፣ ማሊ፣ ቢስቲ፣ ዶቢ፣ ሳይስ፣ ቾኪዳር... አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ አትክልተኛ፣ ውሃ ቀጂ፣ ልብስ አጣቢ፣ ባልደራስ፣ ዘበኛ። ሁሉም በሥራው ነው የተጻፈው። ውሾቹ ስም አላቸው።

ይህን ጽፌ ልቆጣ ስል የእኛ ቤት ፎቶ ትዝ አለኝ፣ የእህቴ ክርስትና። ዳር ላይ ድፎ ዳቦውን የያዘችው ልጅ ማን ነበረች? እናቴ ጋ ደወልኩ። "ሠራተኛዋ ናታ" አለችኝ። ስሟን አላስታወሰችም።

ጃንዋሪ 28፣ ማክሰኞ

ሲምላዎቹን ጨረስኩ። ሲምላ ቀላል ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው የክራይስት ቸርች ማማ ከሃያ ፎቶ አሥራ አንዱ ላይ አለ። ከ1864 ጀምሮ የሕንድ መንግሥት በጋ በጋ ሙቀቱን ሸሽቶ ጠቅላላ መሥሪያ ቤቱን እየጫነ የሚወጣበት ከተማ ነበር። ከ1903 ወዲህ ከካልካ በትንሿ ባቡር ነው የሚወጣው፤ የሐዲዷ ስፋት 762 ሚሊሜትር ብቻ፣ መንገዷ 96 ኪሎ ሜትር። ሁ-31 ላይ እናትየው በመስኮት ወጥተው የባቡሩን ኩርባ አንሥተዋል፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ፎቶ ውስጥ ገብቷል።

ሲምላ ዋናው ጎዳና ላይ በመኪናና በሠረገላ መሄድ የሚፈቀደው ለምክትለ ንጉሡ፣ ለፑንጃብ ገዢና ለጦር አዛዡ ብቻ ነበር። የቀረው እንግሊዝ ሰው በሚጎትተው ሪክሾ ነው የሚሄደው፣ አራት ሰው ለአንድ ጋሪ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። እናትየው ጎተራ የሚያህል ባርኔጣ አድርገው ሪክሾ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ሳያስቡት ስለተነሡ ሁለቱ ተንቀሳቅሰው ጭስ መስለዋል፤ ከፊት ያለው አንዱ ግን ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል።

እማማ ዛሬ ደክሟቸዋል። አልጠየቅኳቸውም።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ሁ-38-2። ስለዚህ ፎቶ ብዙ ልጽፍ ነው።

"ቤቢ፣ ሲምላ" ይላል። ነጭ ልብስ የለበሰች የስምንት ወር ገደማ ሕፃን፣ ማለትም እማማ። ቁጭ ያለች ትመስላለች፣ ግን በምን ላይ? ሳሰፋው ሆዷ ላይ ጣቶች አሉ፤ አራት ጥቁር ጣቶች፣ አንዱ ላይ ቀለበት። ፎቶው በግራ በኩል በመቀስ ተቆርጧል። ቀጥ ያለ ስላልሆነ ነው የተነቃብኝ፣ የፋብሪካው ነጭ ዳር በሦስት ጎን አለ፣ በአራተኛው የለም።

"ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የአያ።"

መጀመሪያ በልጅነት ጆሮዬ ነው የሰማሁት። እኛ ዘንድ አያ ታላቅ ወንድም ነው፣ ተረት ላይ ደግሞ አያ ጅቦ። እነሱ ዘንድ ሞግዚት ናት፤ ቃሉን ሕንድ ያስገቡት ፖርቱጋሎች ናቸው። (ቃል አገላብጦ ይመጣል። በረንዳም ከዚያው ከሕንድና ከፖርቱጋል ነው የተነሣው፣ እኛ ጋ በጣሊያን ዞሮ ሳይደርስ አልቀረም። ፒጃማና ካኪም የሕንድ ናቸው።)

"ስሟ ማን ነበር?"

"አያ ነው የምንላት። ስምንት ዓመት እስኪሆነኝ ከእሷ ጋር ነው የተኛሁት።" ከዚያ በኋላ ስለ ሻይ ተነጋገርን።

ዱባይ ስድስት ዓመት ሞግዚት ነበርኩ። ሁለት ልጆች፣ ትንሿን ከአራስ ቤት ጀምሮ። የመጀመሪያ ዓመት ልደቷ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር፤ ኬኩን የደገፈው ክንድ የኔ ነው፣ እስከ ክርን። ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር፣ በእውነት። ዛሬ ነው ክንዴን ያየሁት።

ሁ-38-2 ላይ "የሚታዩ ሰዎች" በሚለው መስመር፦ 1) ሕፃን፣ 2) ሞግዚት (እጅ ብቻ)፤ ስሟ፦ ይፈለግ።

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ፍለጋው ወደ መርከብ ወሰደኝ። እማማ በ1934 የመጡት ከእናታቸው፣ ከወንድማቸውና ከሞግዚቷ ጋር መሆኑን ያስታውሳሉ። ከቦምቤይ ኤደን፣ በቀይ ባሕር ሽቅብ፣ ፖርት ሳይድ፣ ከዚያ የለንደኑ ወደብ ቲልበሪ። በእኛ ደጅ አልፈዋል ማለት ነው። አልበሙ ላይ ከኤደን የተነሣ አንድ ፎቶ አለ፣ ባዶ ዐለት።

ወደ እንግሊዝ የገቡ መንገደኞች ዝርዝር ከ1878 እስከ 1960 በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ ሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ በነፃ ይታያል። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እናት፣ ዕድሜ 34፣ ከነሙሉ ስም። ወንድ ልጅ፣ 10። ሴት ልጅ፣ 7። ከዚያ ሥር፦ "እና አያ"። ዕድሜ የለም። ስም የለም። ለአንድ ሰው የተከፈተው መስመር አልደረሳትም፣ ጫፉ ላይ ነው የተጻፈችው።

ከዚያ በኋላ የት ገባች? እማማ የሚያስታውሱት በር ነው። ታክሲ፣ ደረጃ፣ ብዙ ሕንዳውያት ሴቶች ያሉበት ቤት፣ የሾርባ ሽታ። "ሌላ ቤተሰብ ይዟት ይመለሳል ተባልኩ።"

ያ ቤት ሃክኒ ነው፤ እኔ የምኖርበት ሠፈር! ኪንግ ኤድዋርድስ መንገድ ላይ ነበር የአያዎች ቤት፣ የለንደን ከተማ ሚሲዮን የሚያስተዳድረው። ከ1900 ጀምሮ ቁጥር 26፣ ከ1921 ወዲህ ቁጥር 4። ልጆቹን በመርከብ አድርሰው ሥራቸው ያበቃ ሞግዚቶች ወደ ሕንድ የሚሄድ ሌላ ቤተሰብ እስኪገኝ እዚያ ይቆያሉ፤ አሠሪዎቻቸው የመመለሻ ቲኬት ትተው ከሄዱ ደህና ነው፣ ጥለዋቸው የሚጠፉም ነበሩ። ማታ በእግሬ ሄድኩ፤ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። ቁጥር 26 ላይ በ2022 የተሰቀለ ሰማያዊ ክብ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ስንት ጊዜ በአውቶብስ አልፌበታለሁ።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እስካሁን ያላየሁት ፎቶዎቹ ይቅደሙ ብዬ ነው፤ ስህተት ነበር፣ ከሁሉም በፊት መከፈት የነበረበት እሱ ነው።

61 ነጋቲቭ፣ በወረቀት ፖስታ፣ እያንዳንዱ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ አሸተትኩ። የዚያን ዘመን የኮዳክ ፊልም ናይትሬት ነው፣ በቀላሉ የሚነድ፤ ሲበላሽ ይጣበቃል፣ ይሸታል። እነዚህ ደረቅና ንጹሕ ናቸው፣ ሁለቱ ብቻ ቢጫ ጀምሯቸዋል። ግን ቆርቆሮው ከመቶ ዓመት ዕድሜው ስንቱን ከማሞቂያው አጠገብ እንዳሳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው። አሁን በየወረቀታቸው ሆነው ቀዝቃዛው ጓዳ ገብተዋል፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ።

አንድ ነገር ግራ ገባኝ፦ በአብዛኞቹ ዳር፣ ከምስሉ ውጭ ባለው ጥርት ያለ ጠርዝ ላይ፣ ጭረት አለ። መጀመሪያ ሕፃን የሞነጫጨረው መሰለኝ። ወደ መስኮቱ አቅንቼ ሳየው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ

ነገሩ አውቶግራፊክ ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አደርኩ። ኮዳክ ከ1914 ጀምሮ ካሜራው ጀርባ ላይ ትንሽ መዝጊያ ያላት መስኮት ሠራ። ፎቶ ካነሡ በኋላ መዝጊያዋን ከፍቶ በብረት እርሳስ የፊልሙ ጀርባ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ከወረቀቱ ሥር ካርቦን አለ፤ የብረቱ ጫፍ የተጫነው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ሰማይ ማቅናት፣ መዝጋት፣ አለቀ። ፊልሙ ሲታጠብ ጽሑፉ በሁለት ፎቶ መካከል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ኮዳክ ሐሳቡን ከሄንሪ ጋይስማን የገዛው በ300,000 ዶላር ነበር፣ በዚያ ዘመን ገንዘብ። በ1930ዎቹ ተወው፣ ሰው ብዙም አልጻፈበትም።

የእማማ እናት ግን ጽፈዋል። ወረቀት ላይ ሲታተም ጠርዙ ስለሚሸፈን አልበሙ ላይ አንዱም አይታይም።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ማታ ማታ እሠራለሁ። 2400 ዲፒአይ። ጠርዙ እንዲገባልኝ ብዬ መያዣውን ትቼ ፊልሙን መስታወቱ ላይ ባስተኛው የዘይት ጠብታ የመሰለ የቀስተ ደመና ቀለበት አወጣብኝ፤ ሁለት ልሙጥ ነገር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ከጥቁር ካርቶን እንደ መስኮት የተቆረጠ መያዣ ሠርቼ ፊልሙን ከመስታወቱ በአንድ ሚሊሜትር አነሣሁት። ጠፋ። አብረቅራቂው ወገን ወደ ታች፣ ድብዝዙ ወደ ላይ፤ ከተገለበጠ ጽሑፉ በመስታወት የታየ ይሆናል።

ሃያ ሦስተኛው ላይ አገኘኋት።

ያው ፎቶ፣ ሙሉው። ሕፃኗ ነጭ ለብሳ፣ ጣቶቹ ሆዷ ላይ፣ ከጣቶቹ ቀጥሎ ክንድ፣ ከክንዱ ቀጥሎ ሴት። ወጣት ናት፤ ሠላሳ አይሞላትም። ሻሿ ከግንባሯ ሸርተት ብሏል። ሕፃኗ ካሜራውን ታያለች፣ ሴትዮዋ ሕፃኗን። እኔ በልጅነቷ የያዝኳትን ልጅ ስይዝ ጭንቅላቴን በየት በኩል እንደማዘነብል አውቀዋለሁ፤ እሷም በዚያው በኩል ነው።

ጠርዙ ላይ በእናትየው ቀጭን ጽሑፍ አንድ ስም፣ ከዚያ "እና ቤቢ"፣ ከዚያ "ሲምላ፣ ኦገስት 27"። ስሟ ይቀድማል።

ምሽቱን ሌላ ፎቶ አልነካሁም።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

በኤ4 አሳትሜ ወሰድኩላቸው። እማማ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ። አላለቀሱም፣ እኔ ግን እንዳላለቅስ ሻይ ለማፍላት ተነሣሁ። እናታቸው ለምን እንደቆረጡት ጠየቅኳቸው። "ገጹ ላይ አልገባ ብሎ ይሆናላ" አሉ። ገጹን ተመልሼ ለካሁት፤ ሳይቆረጥም ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ከጠርዙ ያነበብኩትን ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደሉ እንደሚነበበው፣ ጠራሁት።

"እንደሱ አይደለም!" አሉ፣ ቶሎ፣ ተቆጥተው ማለት ይቻላል። ምላሳቸውን ወደ ላንቃቸው አጥፈው ስሙን ጠሩት። መሐሉ ላይ ያለው "ል" የእንግሊዝ ል አይደለም፣ የእኛም አይደለም፤ ከአፍ ጣሪያ ተመልሶ የሚወድቅ ድምፅ ነው። ዘጠና ዓመት ለንደን የኖረ አፍ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። "እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር" አሉ፣ "በይ ድገሚው።" አራት ጊዜ ደገምኩ። አራቱንም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስሟን አላስታውስም ብለውኝ አልነበር?"

"አያ ነው የምንላት አልኩሽ እንጂ።"

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። የእማማንም አልጻፍኩም፤ ሁለቱ እኩል ይሁኑ። ሰነዱ ላይ ግን አለ።

ፌብሩዋሪ 22፣ ቅዳሜ

ሦስተኛው አልበም በሁለት ቀን አለቀ። ከ1934 እስከ 1947 ወላጆቻቸው በደብዳቤ የላኩላቸው ፎቶዎች ናቸው፦ ቤት፣ ውሻ፣ ቦይ፣ ግድብ፣ ልጅ የሌለበት ግቢ። የመጨረሻው ገጽ የታሸጉ ሣጥኖች። ብዙ የምለው የለኝም።

ጠቅላላው 412 ፎቶ፣ 61 ነጋቲቭ። አንድ ቅጂ ለወንድማቸው ልጅ፣ አንድ እማማ ጋ፣ አንድ ከለንደን ውጭ። ካምብሪጅ ያለው የደቡብ እስያ ጥናት ማዕከል እንዲህ ያለ የቤተሰብ ፎቶና ፊልም ስለሚያሰባስብ ልጁ ሊጽፍላቸው ነው። ነጋቲቮቹ ናይትሬት መሆናቸውን በደብዳቤው መጀመሪያ መስመር ላይ እንዲያስገባ ነግሬዋለሁ፣ ዝም ብሎ በፖስታ እንዳይልከው።

"አገልጋዮቻችን" የሚለውን ከእማማ ጋር ዳግም አየነው። ከአሥራ አንዱ የሦስቱ ስም መጣላቸው፦ የወጥ ቤቱ፣ የባልደራሱና የአትክልተኛው ልጅ። ስምንቱ በሥራቸው ቀርተዋል። እናቴም ትናንት ደውላ፣ ድፎ ዳቦ የያዘችውን ልጅ ስም ከአክስቴ ጠይቃ ነገረችኝ።

ለሁ-38-2 ያስገባሁት፦ ከግራ ወደ ቀኝ፣ 1) ሞግዚት፣ ስሟ በነጋቲቩ ጠርዝ ላይ እንደተጻፈው፤ 2) ሕፃን። ሲምላ፣ ኦገስት 1927። የአልበሙ ቅጂ በግራ በኩል የተቆረጠ፤ ሙሉውን ለማየት ነጋቲቭ 23። የስሙ አጠራር፦ በእማማ ድምፅ የተቀዳ፣ 4 ሴኮንድ፣ ፋይል ድ-1።